ቤቱ ይሞቃል፣ ማሽኑ ግን ከሞተ ሰንብቷል፦ የአንድ ሂት ፓምፕ ጉዳይ

እሁድ ነው፤ ገና ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከቅዳሴ ወጥቼ መኪናዬን እያሞቅሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ማሽኑ ቀዝቃዛ አየር እየተፋብን ነው። ቤቱ 61 ገብቷል። እትዬ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች።»

61 ፋረንሃይት ማለት 16 ሴልሺየስ ገደማ ነው። ለአዲስ አበባ ጠዋት ምንም አይደል። ቤት ውስጥ ለተቀመጠ የሰባ ዓመት ሰው ግን ይቆረጥማል።

«አርብ ዕለት አንድ ካምፓኒ ጠርቼ ነበር» አሉ ቀጥለው። «ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ አየና ‹ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር› አለኝ። 14,600 ዶላር። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አንተ ሳታየው ግን አልፈርምም።»

«እንዳይፈርሙ። መጣሁ።»

ጋሼ የአባቴ አብሮ አደግ ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ውድብሪጅ፣ ታውንሃውስ ገዝተው ከገቡ ቆይተዋል። እኔ የምኖረው በአፓርታማ ሕንፃ ሜንቴናንስ ሥራ ነው፤ የማቀዝቀዣ ጋዝ ለመንካት የሚጠየቀውም ፈቃድ አለኝ። በእኛ ማኅበር የማን ቧንቧ እንደሚያፈስና የማን ብሬከር እንደሚወርድ ከቄሱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። የጋሼን ስም አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል። የምጽፈውም የእሳቸው ቤት ብልሽት በዚህ አካባቢ በየብርዱ ስለሚደጋገም ነው።

በነገራችን ላይ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ታውንሃውሶችና አፓርታማዎች ብዙዎቹ የሚሞቁት በሂት ፓምፕ ነው። ባለቤቶቹ ግን «ኤሲው» ይሉታል። በጋ ላይ ያቀዘቅዛል፣ በብርድ ያሞቃል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የሚጠይቅ የለም። እስኪበላሽ ድረስ።

ከቡና ማፍያው ጎን ያለው ወንፊት

ስገባ ቤቱ ዕጣን ዕጣን ይላል። እትዬ ቡና አቅርበዋል። ጋሼ ወረቀቱን ይዘው ቆመዋል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ቴርሞስታቱ ጋ ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለው የሙቀት ማዘዣ። ቴክኒሻን ነኝ ብሎ ዘሎ መሣሪያ የሚያወጣ ሰው አልወድም።

ቴርሞስታቱ «ሂት» ላይ ነው። የተጠየቀው 72፣ ያለው 61። ከታች በትንንሽ ፊደል «ኦክስ ሂት» ይላል። ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ ታሪኩ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚዞረው።

ቀጥሎ እጄን አየር መውጫው ላይ አደረግሁ። እውነትም ይበርዳል። ትንሽ ስቆይ ደግሞ ሞቀ። እንደገና በረደ። ቴርሞሜትሬን አስገብቼ ጠበቅሁ። ወደ 50 ሴልሺየስ ይወጣና ወደ 20 ምናምን ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። እንደ ሜክሲኮ ታክሲ፣ ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም።

አንድ ነገር ልናገር። «ቀዝቃዛ አየር ይነፋል» የሚል ስልክ ሲደወልልኝ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ነው የማገኘው። ሂት ፓምፕ የሚነፋው አየር ከ32 እስከ 40 ሴልሺየስ ገደማ ነው። የእጃችን ቆዳ ራሱ 33 አካባቢ ስለሆነ አየሩ ሲነካን ለብ ያለ ይመስላል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ቀዝቃዛ ነው ብለን እንምላለን። በተፈጥሮ ጋዝ የሚሞቅ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ደግሞ ከ50 በላይ አየር ስለለመደ ይባስ ይጠራጠራል። ፍርዱ የእጅ ሳይሆን የቴርሞሜትር መሆን አለበት። ወደ ማሽኑ የሚመለሰው አየር 20 ሆኖ የሚወጣው 35 ከሆነ ማሽኑ ሥራ ላይ ነው። የጋሼ ግን መውጣትና መውረዱ ጤና አይደለም።

ፊልተሩን ለማየት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን ትልቁን ወንፊት ከፈትኩ። አየር ወደ ማሽኑ የሚመለስበት ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ ገምቱ። የእትዬ ረከቦት። ቡናው የሚቆላው፣ ዕጣኑ የሚጨሰው እዚያው ነው። ኩሽናውም አምስት እርምጃ አይርቅም፤ የጾም ቁሌት በዘይት ቀኑን ሙሉ ሲቁለጨለጭ ይውላል። ፊልተሩ ነጭ ሆኖ የገባ ዕቃ ነው። ሲወጣ እንደ ምጣድ ማሰሻ ጠቁሮ፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። መሀሉ ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ ፋኑ አየር አጥቶ እየሳበው ማለት ነው።

«መቼ ቀየራችሁት?»

ተያዩ። «ከፋሲካ በፊት መሰለኝ» አሉ እትዬ።

ማሸጊያዎቹ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይላል። እሱ ቡና ለማይቆላ ሰው ነው። ሐበሻ ቤት በየወሩ አውጥቶ ማየት ነው፤ ወደ ብርሃን ስታነሱት ብርሃኑ ካላለፈ ይጣል። ስትገዙ ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ልክ እዩ፤ የጋሼ 16 በ25 ኢንች፣ ውፍረቱ 1 ኢንች ነው። ስታስገቡ ቀስቱ ወደ ማሽኑ ይጠቁም። ወፍራምና ውድ የሆነው ሁሌ ይሻላል ማለትም አይደለም፤ ቀጭን ፊልተር ለሚይዝ ማሽን በጣም ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር ራሱ ማነቆ ነው።

መኪናዬ ውስጥ ልኩ ነበረኝ፤ ቀየርኩት። በአስር ደቂቃ ውስጥ አየሩ 38 ላይ ረጋ፤ መውጣት መውረዱ ቀረ። እትዬ ላይኛውን ጋቢ አወለቁ። ጋሼ ወረቀቱን አጠፉት። እዚህ ላይ ቡናዬን ጠጥቼ ብሄድ ሁሉም በደስታ ይሸኘኝ ነበር።

ቴርሞስታቱ ግን አሁንም «ኦክስ» ይላል። ውጪው 35 ፋረንሃይት፣ ወደ 2 ሴልሺየስ ነው። በዚህ ብርድ ሂት ፓምፕ ብቻውን ይህን የሚያህል ቤት መቻል አለበት። ለምን ረዳት ጠራ?

«ጋሼ፣ ኮት ይልበሱ። ውጪ እንውጣ።»

ብርድ ውስጥ ያለ ሙቀት

የጓሮውን በር እየከፈትን ጠየቁኝ። «ቆይ፣ ይሄ ማሽን ሙቀቱን ከየት ነው የሚያመጣው? እሳት የለው፣ ጋዝ አይገባለት።»

«ከውጪ ነው የሚያመጣው።»

«ከዚህ ብርድ?» ሳቁብኝ።

ሂት ፓምፕ ሙቀት አያመርትም፤ ይሸከማል። ፍሪጅ ጀርባ እጁን ያደረገ ሰው ያውቀዋል፣ ይሞቃል። ያ ሙቀት አንዱ ክፍል ከሞተሩ ነው፤ ሌላው ግን ውስጥ ከተቀመጠው ወተትና ሽንኩርት የተወሰደ ነው። ወተቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ሙቀት አለው። ፍሪጁ ለቅሞ ከጀርባው ይጥለዋል። ሂት ፓምፕም ውጪውን እንደ ፍሪጅ ሆድ፣ ቤቱን እንደ ፍሪጅ ጀርባ አድርጎ ይሠራል።

እንዴት ለሚለው፣ አገር ቤት ሁለት ነገር አይተናል። አንደኛው ቡታጋዝ ነው። ለድግስ ትልቁ ምድጃ ለረጅም ሰዓት ሲነድ ሲሊንደሩ ያልበዋል፤ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ይፈልጋል፣ ያንንም ከዙሪያው ይስባል። ሁለተኛው የብስክሌት ጎማ መንፊያ ነው። ደጋግመህ ስትነፋ ጫፉ ያቃጥላል፤ ጋዝ ሲጨመቅ ይሞቃል። ሁለቱን አንድ ቱቦ ውስጥ ብታዞራቸው ሂት ፓምፕ ነው።

ውጪ ባለው ማሽን ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ በጣም ቶሎ የሚፈላ ዓይነት ነው። የጋሼው አር-410ኤ ይባላል፤ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ ለእሱ የውድብሪጅ ብርድ ምድጃ ነው። ቱቦው ከውጪው አየር የባሰ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀት ደግሞ ሁልጊዜ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነውና ከአየሩ ወደ ቱቦው ይገባል። ፈሳሹ ጋዝ ይሆናል። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀውና ያግለዋል። ቤት ውስጥ ባለው ጥቅልል ቱቦ (ኮይል) ሲያልፍ ፋኑ አየር ይነፋበታል፣ ሙቀቱን ይሰጥና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ውጪ ይመለሳል። በጋ ላይ አንድ ቫልቭ አቅጣጫውን ይገለብጠውና ያው ማሽን የቤቱን ሙቀት ወደ ውጪ ያወጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1852 ጽፎታል። ዙሪክ ከተማ ደግሞ በ1938 ገደማ ማዘጋጃ ቤቷን ከሊማት ወንዝ በተቀዳ ሙቀት ማሞቅ ጀምራለች። ከወንዝ!

ትርፉ ያለው መሸከሙ ላይ ነው። ለስለስ ባለ ብርድ ሂት ፓምፕ በአንድ ኪሎዋት መብራት ሦስት ኪሎዋት የሚያህል ሙቀት ያስገባል፤ ብርዱ ሲጠና ወደ ሁለት ይወርዳል። «ኦክስ ሂት» የሚባለው ግን ቤት ውስጥ ባለው ማሽን ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይግላል፣ በአንድ ኪሎዋት አንድ ኪሎዋት ይሰጣል። ረዳት ነው። ብርዱ ሲከፋ ገባ ብሎ ያግዛል፣ ሲያልፍ ይወጣል። ሁልጊዜ ከበራ ዋናው ሠራተኛ ቀርቷል ማለት ነው።

የፊልተሩም ነገር አሁን ግልጽ ይሆናል። አየር ሲታፈን ሽቦው ከመጠን በላይ ይግላል፤ እሳት እንዳያስነሳ የተገጠመለት መከላከያ ቆርጦ ያጠፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያበራዋል። ያ ነው ሄድ ቆም የሚያስብለው።

በረዶ የለበሰው ማሽን

ውጪ ያለው ማሽን አይታይም። የሚታየው በረዶ ነው። ከመሬት እስከ ፋኑ መከለያ ድረስ ነጭ ግንብ ሆኗል፤ ክንፎቹ የት እንዳሉ አይለይም። ኮምፕረሰሩ ከውስጥ ያጉረመርማል። ፋኑ ሲዞር የበረዶ ጠርዝ እየነካ ጠጠጠጠ ይላል።

ዞር ስል ጋሼ መዶሻና ትልቅ ካቻቢቴ ይዘው መጥተዋል።

«ጋሼ! ያስቀምጡት።»

«ልሰብረው ነዋ።»

ከበረዶው ሥር ያለው አሉሚኒየም እንደ ሲጋራ ወረቀት ስስ ነው። ቱቦውን አንዴ ብትወጋው ጋዙ ይወጣል፤ ያኔ የ14,600ው ወረቀት እውነት ይሆናል። ጨውም አይነሰነስበት፣ ብረቱን ይበላዋል። የፈላ ውኃም አይደፋበት።

መጀመሪያ አመዳይና በረዶን እንለይ። በብርድ ጠዋት ማሽኑ ላይ ስስ ነጭ አመዳይ ብታዩ አትደንግጡ። ቱቦው ከአየሩ ስለሚቀዘቅዝ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ይረጋል። በተለይ ከዜሮ እስከ 5 ሴልሺየስ ባለው እርጥብ ብርድ ይብሳል፤ ከዚያ በታች ሲበርድ አየሩ የሚይዘው እርጥበት ያንሳል። ለዚህ መድኃኒት አለው፣ ዲፍሮስት ይባላል። ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ይገለብጥና እንደ በጋው ሙቀቱን ወደ ውጪ ይልካል፣ የውጪውን ፋን ያቆማል፣ አመዳዩን ያቀልጣል። ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ አየር እንዳይነፋ ኦክስ ይበራል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ አመዳዩ መጥቶ ከሄደ ጤና ነው። ሰዓታት አልፈውት እየወፈረ ግንብ ከሆነ ግን ችግር አለ።

ችግሩ የትኛው እንደሆነ የበረዶው መልክ ራሱ ይጠቁማል። ከታች ብቻ ወይም ቱቦው ከሚገባበት በኩል ብቻ ከሆነ ጋዝ ማነሱን እጠረጥራለሁ። አናቱ ላይ ተቆልሎ ከሆነ ቀና ብዬ አሸንዳውን አያለሁ፤ የሚያንጠባጥብ አሸንዳ ብዙ ማሽን ገድሏል። ፋኑ ቆሞ ኮምፕረሰሩ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩን ወይም ካፓሲተሩን (ሞተሩን የሚያግዘውን የኤሌክትሪክ ማከማቻ) እጠረጥራለሁ። የጋሼ ግን ዙሪያውን እኩል ነው፣ ፋኑም ይዞራል፣ አሸንዳውም ደረቅ ነው። ዲፍሮስቱ ራሱ አልሠራም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቤታችሁ አትሞክሩት። ፓነሉ ውስጥ 240 ቮልት አለ፤ ካፓሲተሩ ደግሞ መብራት ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ ይነዝራል። ግድግዳው ላይ ያለውን ማቋረጫ ነቀልኩ፣ የካፓሲተሩን ቻርጅ አወረድኩ፣ ከዚያ የዲፍሮስት መቆጣጠሪያ ቦርዱን አየሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቦርዱ ማሽኑ የሠራበትን ደቂቃ ይቆጥራል፤ በ30፣ በ60 ወይም በ90 ደቂቃ ይስተካከላል። ጊዜው ሲሞላ አንዲት ዳሳሽ ይጠይቃል። ቱቦው ላይ በክሊፕ የተያዘች፣ ሳንቲም የምታክል ክብ ነገር ናት። ቱቦው ከዜሮ በታች ሲወርድ ትዘጋለች፣ ማለትም ሽቦዎቹን ታገናኛለች፤ ሲሞቅ ትከፈታለች፣ ማለትም ትለያያቸዋለች። ከተዘጋች «አመዳይ አለ» ማለት ነው፣ ዲፍሮስት ይጀመራል። ከተከፈተች «ሰላም ነው»።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ፦ በረዶውን ከማቅለጥ በፊት ነው የሚለካው። ከቀለጠ ማስረጃው ጠፋ። ሽቦዋን ከቦርዱ ነቅዬ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያዬን) አገናኘሁ። በበረዶ ተቀብራ እያለች መዘጋት ነበረባት፣ ንባቡም ወደ ዜሮ ኦም መሆን ነበረበት። ግን የተቆረጠ ሽቦ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛም ሦስተኛም ለካሁ። ያው ነው። ይቺ ሳንቲም በበረዶ ተከባ ቁጭ ብላ «ሰላም ነው፣ ሰላም ነው» ስትል ከርማለች።

ከዚያ ለብ ያለ ውኃ በባልዲ። እትዬም ነጠላቸውን አሸርጠው ወጡ። እኔ እቀበላለሁ፣ ጋሼ ያቀብላሉ፣ ከላይ ቀስ እያልን እናፈሳለን። የጎረቤት ልጅ በመስኮት ያየናል። «ጥምቀት ሳይደርስ አጠመቅነው» አሉ እትዬ።

ፋኑ ነጻ ሲወጣ መብራቱን መለስኩና የዳሳሿን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኘሁ፤ ለቦርዱ «አመዳይ አለ» ብሎ እንደ መዋሸት ነው። የጊዜ መቁጠሪያውንም በመሞከሪያው አፋጠንኩት። ቫልቩ ሹሽ ብሎ ተገለበጠ። ፋኑ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከማሽኑ አናት ነጭ ነገር ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ተቃጠለ!» ጋሼ ባልዲ አነሱ።

«እንፋሎት ነው ጋሼ። ይሄን ነው ስንፈልግ የነበረው።»

ቦርዱ ይሠራል፣ ቫልቩ ይሠራል፣ ኮምፕረሰሩ ይሠራል። የሞተችው ሳንቲሟ ብቻ ናት።

ቢሉ ነግሮን ነበር

እሁድ የዕቃ ሱቁ ዝግ ነው። ለዚያች ሌሊት ቴርሞስታቱን «ኢመርጀንሲ ሂት» ላይ አደረግሁት። ይህ ቃልም ብዙ ሰው ያሳስታል። ኦክስ ሂት ማሽኑ ራሱ የሚጠራው ረዳት ነው። ኢመርጀንሲ ሂት ግን እኛ በእጃችን የውጪውን ማሽን አጥፍተን በሽቦው ብቻ ስንሞቅ ነው። «ብርዱ ስለጠና ኢመርጀንሲ ላይ አድርጌዋለሁ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ወርቅ እያነደዱ ነው። የውጪው ማሽን ሲበላሽ ብቻ ነው የሚነካው።

ቁጭ ስንል ቢሉን ጠየቅሁ። እትዬ ከመሳቢያ አወጡ። የኖቬምበር 178 ዶላር። የዲሴምበር 431።

ሒሳቡን ናፕኪን ላይ ሠራነው። የጋሼ ሽቦ 10 ኪሎዋት ነው። ኪሎዋት ሰዓቱን 15 ሳንቲም ብንለው በሰዓት 1 ዶላር ከ50 ይበላል። ያንኑ ሙቀት ሂት ፓምፑ 4 ኪሎዋት ገደማ ተጠቅሞ ያመጣዋል፣ 60 ሳንቲም። ሽቦው በቀን አስር ሰዓት ከበራ ልዩነቱ በወር 270 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ጋሼ አንድ ልደት ላይ አግኝተውኝ «መብራት ዘንድሮ ጨመረ እንዴ?» ብለውኝ ነበር። እኔ እንጀራዬን እየጎረስኩ «ብርድ ነው ጋሼ፣ ይጨምራል» አልኳቸው። ያኔ ቤቱ ሙቅ ነበር፣ ማንም አልበረደውም። ማሽኑ ውጪ በበረዶ ታፍኖ፣ ሽቦው ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ቤቱን ተሸክሞት ነበር። ፊልተሩ ታፍኖ ሽቦውም ሲያቅተው ነው ብርዱ የገባው። ሁለተኛው ብልሽት ባይመጣ የመጀመሪያውን አናውቀውም ነበር። አሁን ሰው ስለ መብራት ቢል ሲያማርርብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቴርሞስታቱ ላይ ምን ተጽፏል?» ብዬ ነው።

ጋሼም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለቁጠባ ብለው ማታ 60 ያወርዱታል፣ ጠዋት 72 ይሰቅሉታል። በጋዝ ለሚሞቅ ቤት ይህ ያዋጣል። በሂት ፓምፕ ግን ብዙ ቴርሞስታቶች ልዩነቱ ሰፋ ሲል ወዲያው ኦክስን ይጠራሉ፤ ሌሊት የቆጠቡት ጠዋት ይሄዳል። 68 ላይ ትተው እንዲረሱት ነገርኳቸው። 70 ላይ ተስማማን።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ዳሳሿን 28 ዶላር ገዝቼ ገጠምኩ። ፊልተሩ 9 ዶላር። ቴርሞስታቱን ወደ «ሂት» መለስኩ፤ «ኦክስ» የሚለው ጠፋ። የሚመለሰው አየር 20፣ የሚወጣው 36። ጋዙ ቢያንስ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው።

ያ ወረቀት

የአርቡን ሰውዬ ሙሉ በሙሉ ልረግመው አልፈልግም። ማሽኑ 13 ዓመቱ ነው፤ የሂት ፓምፕ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ስለሚባል መቀየሩ አይቀርም። ጋሼም ከአሁኑ ገንዘብ ማስቀመጥ ይጀምሩ ብያለሁ። ግን ፓነሉን ሳይከፍት «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» ማለቱ ትክክል አይደለም፤ ኮምፕረሰሩ በሕይወት ነበር።

ያናደደኝ ሌላው ነገር ነው። «ይህ ጋዝ ታግዷል፣ ከእንግዲህ አይጠገንም» ብሏቸዋል። ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የቤት አዳዲስ ማሽኖች በአር-410ኤ አይመረቱም፤ በአር-32ና በአር-454ቢ ተተክቷል። ቤት ውስጥ የተገጠመውን ግን ማንም አላገደውም። ይጠገናል፣ ጋዝም ይጨመርለታል። አሁን ይህን ግማሽ እውነት ይዘው በየበሩ የሚዞሩ ሻጮች በዝተዋል፤ በተለይ እንግሊዝኛው ከበድ የሚለው ሽማግሌ ቤት። በብርድ መሀል፣ ተንቀጥቅጠህ፣ በአንድ ሰው ዋጋ አትፈርም። «የትኛው ዕቃ ነው የተበላሸው? ምን ለክተህ አወቅህ?» ብለህ ጠይቅ። የለካ ሰው ቁጥር ይነግርሃል።

ባለሙያ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ፣ እንዳይዘነጋ። ብሬከር ወርዶ አንዴ ስትመልሰው ደግሞ ከወረደ ሁለተኛ አትሞክር። የሚቃጠል ሽታ ካለ፣ ኮምፕረሰሩ እያጉረመረመ መነሣት ካቃተው፣ በረዶው ከታች ብቻ ከያዘ፣ ይደወል። የሂት ፓምፕ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ብሬከር አለው፤ አንዱ ለውስጡ፣ አንዱ ለውጪው። የውጪው ብቻ ወርዶ ሽቦው ቤቱን እያሞቀ ሳምንታት ያለፉበት ቤትም ገጥሞኛል። ከዚያ በተረፈ በማሽኑ ዙሪያ 60 ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ይሁን፤ ቅጠልና በረዶ ይጠረግ። የጋሼ ማሽን ላይ የተደገፈ የልጅ ልጅ ብስክሌት ነበር።

እትዬ ረከቦቱን ወደ መስኮቱ በኩል አዛውረውታል። በመጀመሪያው ቀን አኩርፈው ነበር፤ «ሰላሳ ዓመት ቡና ያፈላሁበት ቦታ» አሉኝ። ቤቱ ሰላሳ ዓመት አልሞላውም፤ አልተከራከርኩም።

የገና ዕለት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው።

«ልጄ፣ እያጨሰ ነው።»

«ፋኑ ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«ይጠብቁት እስቲ።»

ስልኩን ሳይዘጉ ውጪ ቆሙ። እትዬ ከውስጥ «ግባ፣ ትታመማለህ» ሲሉ ይሰማኛል። አምስት ደቂቃ ገደማ ሄደ። ከዚያ ሹሽ የሚለው ድምፅ በስልኩ ውስጥ መጣ፣ ፋኑም ተነሣ።

«አቆመ» አሉ። «ተኛ በል። እንኳን አደረሰህ።»